ሞላ ማጠንከር ወይስ ሞላ መምረጥ?
(ስለ ክሩዘር ሞተር ሳይክል ሾክ አመራረጥ፣ ከመንዝ መንገድ የተገኘ ትምህርት)

መግቢያ

የሞተር ሳይክሉ ሾክ የላላበት ሰው ጋራዥ ሲገባ የሚናገረው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ጠንከር ያለ አስገባልኝ» ይላል። መካኒኩም ጠንከር ያለ ፈልጎ ያስገባል። ሁለቱም ተደስተው ይለያያሉ። እኔም በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለአጎቴ ያደረግሁለት ይህንኑ ነበር። ጥቅምት ሳያልቅ አጎቴ ቁልቁለት ላይ ወደቀ፣ የትከሻው አጥንት ተሰነጠቀ፣ አንድ ወር ተኩል ከሥራ ቀረ።

ያን ጊዜ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ጋራዥ ሠርቼ ወደዚህ ኮሌጅ ገባሁ። አሁን የአውቶሞቲቭ ትምህርት ክፍል ተማሪ ስሆን ያኔ የሠራሁትን ስህተት በቁጥር ማስረዳት የምችል ይመስለኛል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የክሩዘር ዓይነት ሞተር ሳይክል ሾኩን ለማሻሻል የሚፈልግ ሰው ምን መለካት፣ ምን ማስቀደም፣ ምንስ መተው እንዳለበት ማሳየት ነው። ዋናው ነጥቤ አጭር ነው። ሾክ የሚመረጠው በጥንካሬው ሳይሆን በጭነቱና በመንገዱ ልክ ነው፤ ልኩ ደግሞ በሜትርና በሚዛን ይታወቃል እንጂ በግምት አይታወቅም።

«ሶፋዋ»

አጎቴ መንዝ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። መሐል ሜዳ ተቀምጦ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይወጣል። መሐል ሜዳን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ባና ካልተደረበ በስተቀር ጠዋት ደጅ የማያስቆም ብርድ ያለባት ከተማ ናት። አገሩ የበግ አገር ስለሆነ የአጎቴ ሥራ በአብዛኛው የበግ ክትባት ነው። ክትባቱ በረዶ ባለው ሣጥን ተይዞ በተባለው ቀን መድረስ አለበት። ገበሬው በጎቹን ከግጦሽ አስቀርቶ ሰብስቦ ይጠብቃል። ባለሙያው ከቀረ ገበሬው ቀኑን አጣ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ላይመጣ ይችላል።

የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ተራ የሚጠበቅበት ስለነበረ አጎቴ በ2011 ዓ.ም. በራሱ ገንዘብ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛ። ርካሽ ያገኘው ደግሞ ክሩዘር መልክ ያለው የቻይና ስሪት ነበር። ወንበሩ ዝቅ ያለና ሰፊ፣ መሪው ወደ ኋላ የተጎተተ፣ ብዙ ኒኬል የሚያብለጨልጭባት ናት። የሰፈሩ ልጆች «ሶፋዋ» አሏት፤ ስሙ እዚያው ጸደቀ።

ለዚያ አገር መንገድ የተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ሌሎች እንደሆኑ ግልጽ ነው። ያማሃ ዲቲን የመሳሰሉት ባለ ረጅም ሾክ ሞተሮች በየገጠሩ የሚታዩት ለዚህ ነው። ያማሃ ኤጂ የሚባለው ደግሞ ከነስሙ ለእርሻ ሥራ የታሰበ ነው። ነገር ግን ሰው የሚነዳው ያለውን ነው። «የሌለኝን ሞተር አታውራልኝ፣ ያለችኝን አስተካክልልኝ» አለኝ አጎቴ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው።

ክሩዘር ለምን ዝቅ ይላል?

ሞተር ሳይክል ከመጀመሪያው የኋላ ሾክ አልነበረውም። የኋላው ጎማ ከሻሲው ጋር ድርቅ ብሎ የታሰረ ነበር፤ ሰውየውን የሚያድነው ከወንበሩ ሥር ያለ ሞላ ብቻ ነው። የኋላ ሞላ ያላቸው ሞተሮች ቀስ በቀስ ነው የመጡት። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ጉዚ እ.ኤ.አ. በ1928 የኋላ ሞላ ባላት ሞቶ ጉዚ እስከ ሰሜን ኖርዌይ ድረስ ነድቶ ነገሩ እንደሚሠራ አሳይቷል። ቢ.ኤም.ደብልዩ በ1935 በዘይት የሚገታ ቴሌስኮፕ የፊት ፎርክ በፋብሪካ ደረጃ አወጣ። የክሩዘር አባት የሆነው ሃርሊ ዴቪድሰን ግን በትላልቅ ሞተሮቹ ላይ ይህን ዓይነት ፎርክ ያስገባው በ1949፣ የኋላ ሾክ የጨመረው ደግሞ በ1958 ነው። በ1984 ያወጣው ሶፍቴይል የተባለው ሞዴል ሾኩን ከሥር ደብቆ የድሮውን ደረቅ ሞተር መልክ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ክሩዘር ዝቅ ያለው ለመልኩና ለመቀመጫው ምቾት ነው። ዝቅ ለማለት ደግሞ የሾኩን ጉዞ ማሳጠር ግድ ነው። የሾክ ጉዞ ስል ጎማው ሙሉ በሙሉ ከተንጠለጠለበት እስከ መጨረሻው ታጥፎ እስከሚገታበት ያለውን ርቀት ማለቴ ነው። ለጥርጊያ መንገድና ለገደላገደል በተሠሩ ሞተሮች ላይ የኋላው ጉዞ 200 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሶፋዋ ላይ ስለካው 80 ሚሊ ሜትር ነበር። አስፋልት ላይ 80 ይበቃል። የመንዝ የቀበሌ መንገድ ላይ ግን 80 ሚሊ ሜትር ማለት በቁጠባ የሚበላ ስንቅ ነው። አንዷም ሚሊ ሜትር መባከን የለባትም።

ሞላ ሌላ፣ ዘይት ሌላ

ብዙ ሰው ሾክን እንደ አንድ ዕቃ ያየዋል። ውስጡ ግን ሥራቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ሞላው ነው። (ቃሉ እንደ ባሌስትራ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።) ሞላ ክብደት ይሸከማል። ሲጫኑት ይታጠፋል፣ የታጠፈበትንም ጉልበት አጠራቅሞ መልሶ ይሰጣል። ጥንካሬው የሚለካው አንድ ሚሊ ሜትር ለማጠፍ ስንት ኒውተን ያስፈልጋል በሚል ነው።

ሁለተኛው የዘይቱ ክፍል ነው። ፒስተን በጠባብ ቀዳዳ ዘይት እያሳለፈ የሞላውን እንቅስቃሴ ይገታል። ክብደት አይሸከምም። ሥራው ሞላው የሰጠውን ጉልበት ወደ ሙቀት ቀይሮ ማጥፋት ነው። ይህ ክፍል ከሞተ ሞተሯ አንድ ጊዜ ከተመታች በኋላ እንደ ኳስ ትነጥራለች። መፈተኛው ቀላል ነው። ወንበሩን በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ ነው። ወጥታ አንድ ጊዜ ከተቀመጠች ደኅና ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘች የዘይቱ ክፍል አብቅቶለታል።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። ሶፋዋ ትነጥር ነበር፣ ጉድጓድ ሲገጥማትም እስከ መጨረሻው ታጥፋ ትማታ ነበር። እኔ ሁለቱንም በሽታ አንድ አድርጌ «ሞላው ደክሟል» አልኩ። ሾኮቹን ሳልቀይር ሞላዎቹን ብቻ አውጥቼ ከከባድ ተሽከርካሪ ሾክ የወጣ ወፍራም ሞላ በልኩ አስቆርጬ አስገባሁ። ጠንካራ ሞላ ሲመለስ በኃይል ነው የሚመለሰው፤ ስለዚህ ጠንካራ የዘይት ክፍል ይፈልጋል። እኔ ግን የሞተውን የዘይት ክፍል እዚያው ትቼ የበለጠ ጉልበተኛ ሞላ ሰጠሁት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ማለት ነው።

አወዳደቁ

አጎቴ መጀመሪያ ተደስቶ ነበር። «አሁን እኮ አትማታም» አለኝ በስልክ። እውነቱን ነው፣ አትማታም ነበር። ግን ወገቡን ያመው ጀመር። ከዚያ በጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት ሣጥኑን ጭኖ ወደ ወንዝ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ሲሄድ ጎርፍ የሰነጠቀው ቦይ ገጠመው። የኋላ ፍሬን ያዝ አደረገ። የኋላው ጎማ ያን ጊዜ መሬት አልነካም ነበር። አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬን ሲያዝ ወዲያው ይቆማል፤ ተመልሶ መሬት ሲነካ ቆሞ ነው የነካው፣ ወደ ጎን ሄደ። አጎቴ በግራ ትከሻው ወደቀ። ሣጥኑ ተከፍቶ የክትባቱ ጠርሙሶች ድንጋይ ላይ ተሰበሩ። ከቁልቁለቱ ሥር ያሉት ገበሬዎች እየሮጡ መጥተው አነሡት።

ልጠይቀው ስሄድ አንዲት ቃል አልተቆጣኝም። ይባስ ብሎ «መንገዱ ነው እንጂ አንተ ምን አጠፋህ» አለኝ። እኔ ግን የመንገዱ ብቻ እንዳልሆነ ጠርጥሬ ነበር። ወደ ማሠልጠኛው ተመልሼ ለአስተማሪዬ ነገሩን ስነግረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ሰውየው ተቀምጦባት፣ ጭነቱ ተጭኖ፣ ስንት ዝቅ እንደምትል ለክተሃል?»

አልለካሁም።

ዝቅታን መለካት

ባለሙያዎች ሾክ ሲያስተካክሉ መጀመሪያ የሚለኩት ይህን ነው። እኔ ዝቅታ ብዬ እጠራዋለሁ። ሦስት ሰውና አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል።

በመጀመሪያ ሞተሯን በመካከለኛው መቆሚያዋ አቁሞ የኋላው ጎማ እንዲንጠለጠል ማድረግ። ከጎማው መሐል ብሎን ቀጥታ ወደ ላይ፣ ከወንበሩ ሥር አንድ ቦታ ምልክት አድርጎ ርቀቱን መለካት። ቀጥሎ ከመቆሚያው አውርዶ ነጂው እንደ ሁልጊዜው ልብሱን ለብሶ፣ ጭነቱም ተጭኖ እንዲቀመጥ ማድረግ። አንድ ሰው መሪውን ይይዛል፣ ሌላው ያንኑ ርቀት ይለካል። የሁለቱ ልዩነት ዝቅታ ነው።

እንደ አጠቃላይ መመሪያ ዝቅታው ከሾኩ ጉዞ ከ25 እስከ 35 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። 80 ሚሊ ሜትር ጉዞ ላላት ሶፋ ይህ ማለት ከ20 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ ያገኘነው የሚከተለውን ነው።

ከፋብሪካ በመጣው፣ በደከመው ሞላ፦ 52 ሚሊ ሜትር።
እኔ ባስገባሁት ወፍራም ሞላ፦ 8 ሚሊ ሜትር።

(የመጀመሪያውን የለካነው የድሮዎቹን ሞላዎች መልሰን አስገብተን ነው። ደግነቱ አልጣልኳቸውም።)

ቁጥሮቹ ታሪኩን ሁሉ ይናገራሉ። በድሮው ሞላ ሶፋዋ ገና ሳትንቀሳቀስ ከ80ው 52ቱን በልታለች፤ ለጉድጓድ የቀራት 28 ብቻ ስለሆነ ትማታለች። በእኔ ሞላ ደግሞ ለመታጠፍ 72 ሚሊ ሜትር ተርፏታል፣ ወደ ታች ለመውረድ ግን 8 ብቻ ነው ያላት። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የማናስተውለው። ሾክ የሚሠራው ጎማው ወደ ላይ ሲመታ ብቻ አይደለም። ጎማው ቦይ ሲያገኝ ወደ ታች ወርዶ መሬቱን መከተል አለበት። ለመውረድ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ያለው ጎማ ቦዩ ጠለቅ ካለ አየር ላይ ይቀራል። አጎቴን የጣለው ይኸው ነው። ላላው ሾክ ወገቡን ይመታው ነበር፤ ደረቁ ሾክ ግን መንገዱን አስለቀቀው።

ትክክለኛውን ሞላ ማስላት

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሶፋዋን፣ አጎቴንና ሣጥኑን አንድ ላይ አድርገን የኋላውን ጎማ የእህል ነጋዴ የወለል ሚዛን ላይ አቆምነው፤ የፊቱንም ጎማ በሚዛኑ ከፍታ ልክ ጣውላ ላይ አደረግነው። ሚዛኑ 125 ኪሎ አነበበ። ከዚህ ላይ ሞላው የማይሸከመውን የጎማውንና የአካባቢውን ክብደት፣ 18 ኪሎ ገደማ፣ ስንቀንስ 107 ኪሎ ይቀራል። በ9.8 ሲባዛ ወደ 1050 ኒውተን ይመጣል።

የምንፈልገው ዝቅታ 27 ሚሊ ሜትር ነው። ሞላው ሾኩ ላይ ሲገጠም አስቀድሞ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይታጠፋል፤ ይህ ቅድመ ጫና ይባላል። ድምሩ 37 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 1050 ለ37 ሲካፈል 28 ኒውተን በሚሊ ሜትር ይሰጣል። ሾኮቹ ሁለት ስለሆኑ ለእያንዳንዱ 14 ማለት ነው። (ይህ ስሌት የሚሠራው ሾኩ ቀጥ ብሎ ከቆመና የታችኛው ማሰሪያው ከጎማው ብሎን አጠገብ ከሆነ ነው። ሾኩ ወደ ፊት ያዘነበለ ወይም ማሰሪያው ከብሎኑ የራቀ ከሆነ የበለጠ ጠንካራ ሞላ ያስፈልጋል።)

ገበያ ላይ ያለ ሞላ ጥንካሬው አይጻፍበትም። እኛ ያደረግነው ሞላውን በቧንቧ ላይ አጥልቀን እንዳይንሸራተት አድርገን 50 ኪሎ መጫን ነው። 50 ኪሎ 490 ኒውተን ነው፤ 14 ኒውተን በሚሊ ሜትር የሆነ ሞላ 35 ሚሊ ሜትር መታጠፍ አለበት። የእኔን ወፍራም ሞላ ስንጭነው 17 ብቻ ታጠፈ። ከሚያስፈልገው እጥፍ ጠንካራ ነበር ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞላን ከሾክ ላይ ማውጣት ያለ መጭመቂያ መሣሪያ አይሞከርም። የታጠፈ ሞላ ከእጅ ካመለጠ ዓይን ያጠፋል፣ ጥርስ ያረግፋል።

ስለ ቅድመ ጫና ያለው የተሳሳተ እምነት

በሾኩ ታች አምስት ደረጃ ያለው ቀለበት ብዙ ሰው «ማጠንከሪያ» ይለዋል። አይደለም። ቀለበቱን ወደ ላይ ማዞር የሞላውን ጥንካሬ አይቀይርም፤ ሞተሯ የምትቀመጥበትን ከፍታ ብቻ ይቀይራል። 14 የነበረው ሞላ አምስተኛውም ላይ 14 ነው። ጥቅሙ ሰው ሲደረብ ወይም ጭነት ሲጨመር ዝቅታውን ወደ ልኩ መመለስ ነው። ሁለቱም ሾኮች ላይ ደረጃው እኩል መሆን አለበት። በግራ ሁለት፣ በቀኝ አራት አድርገው የሚሄዱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ይህ የኋላውን ክንድ ያጣምመዋል፣ ቦኮላውንም ቶሎ ይበላዋል።

ከወጪ በፊት የሚሠሩ ነገሮች

ሾክ ከመግዛታችን በፊት አራት ነገሮች ሠራን። አራቱ ተደምረው ያስወጡን ከአንድ የሾክ ዋጋ በታች ነው።

ሀ. የፊት ፎርኩ ዘይት። ፎርኩን ስናወርደው የተገኘው የሞተር ዘይት፣ ያውም ወፍራሙ ነበር፤ ፓራዮሊውም ያፈስ ነበር። የመንዝ ጠዋት ውርጭ ነው። በተለይ ወደ ጓሳ በኩል፣ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ባለው አገር፣ ወፍራም ዘይት ማለዳ እንደ ማር ይረጋል፤ ፎርኩ ዱላ ይሆናል። ለፎርክ የተሠራ ቁጥር 10 ዘይት አደረግንበት። በግራና በቀኝ እኩል እንዲሆን የለካነው አጎቴ ባመጣው አዲስ የከብት መርፌ ነው።

ለ. የጎማ አየር። አጎቴ «እንዳይፈነዳ» እያለ አየሩን እስከ 45 ያስነፋ ነበር። ጎማ የመጀመሪያው ሞላ ነው፤ ትንንሹን ጠጠር የሚውጠው እሱ ነው። ለዚያች ሞተር፣ ለዚያ ጭነት 30 በቂ ሆኖ ተገኘ። በጣም ማውረድ ደግሞ ድንጋይ ላይ የውስጡን ጎማ ያስነክሳል።

ሐ. የጭነቱ ቦታ። ሣጥኑ ከኋላው ጎማ መሐል ወደ ኋላ ወጥቶ ነበር የታሰረው። እንደዚህ ያለ ጭነት የኋላውን ይጫናል፣ የፊቱን ያነሣል፤ ዳገት ላይ መሪው ይቀልላል። 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አመጣነው።

መ. ቦኮላና ብሎኖች። የኋላው ክንድ ቦኮላ ተበልቶ ስለነበር ጎማው ወደ ጎን ይጫወት ነበር። ይህ ካልተስተካከለ ምንም ሾክ ቢገባ ዋጋ የለውም።

ሾክ ሲገዛ

በጥር 2012 ዓ.ም. አጎቴ ሁለት በግ ሸጦ ጥንድ ሾክ ገዛን። ስንመርጥ ያየናቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

1ኛ. ርዝመት። ከላይኛው ቀዳዳ መሐል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሐል ይለካል። ከድሮው ጋር እኩል ቢሆን ይመረጣል። ረዘም ያለ ሾክ የሞተሯን ሆድ ከድንጋይ ያርቃል፣ ግን የፊቱን አቅጣጫ ያቆመዋል፣ መሪው ይፈጥናል፣ የሰንሰለቱም ውጥረት በማዕዘኑ ለውጥ ይቀየራል። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ይቻላል። ለመልክ ብሎ አጭር ሾክ ማስገባት ግን ለከተማ አስፋልት ካልሆነ በስተቀር ፈጽሞ አይመከርም። ከ80ው ላይ 30 መቁረጥ ማለት ነው።

2ኛ. ሞላው። አንዳንዱ ሞላ ከላይ እስከ ታች እኩል የተጠመዘዘ ነው። ሌላው አንዱ ጫፉ ቅርብ ቅርብ፣ ሌላው ሰፋ ሰፋ ብሎ የተጠመዘዘ ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ እየታጠፈ ሲሄድ ይጠነክራል። አጭር ጉዞ ላላት፣ አንዳንዴ ባዶዋን አንዳንዴ ተጭና ለምትሄድ ሞተር የሚሻለው ይህ ነው። እኛም የወሰድነው እሱን ነው።

3ኛ. የዘይቱ ክፍል። ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላበት ሾክ ካልተሞላበት ይሻላል። ምክንያቱን እንዲህ እንየው። እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ጥርጊያ መንገድ ላይ በመታጠፊያዎቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ቢኖርና ሞተሯ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ ሾኩ በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይመታል። ይህ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ከአየር ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ምንም አይገታም። ጋዙ ዘይቱን ተጭኖ አረፋ እንዳይሠራ ያግዛል። በተጨማሪ ሾኩ የመልስ ማስተካከያ ካለው መልሱን በጣም ማዘግየት አያስፈልግም። መልሱ ከዘገየ ሾኩ ከአንዱ ምት ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ሦስተኛው ይደገማል፤ እያጠረ እያጠረ ሄዶ እንደገና ድርቅ ይላል።

4ኛ. መለዋወጫ። ጎሚኒው፣ ፓራዮሊው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ይገኛል ወይ? የማይፈታ፣ የማይታደስ ሾክ ርካሽ ቢሆንም ሲሞት ተጥሎ ሌላ ይገዛል። ለሩቅ ገጠር ሰው ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው።

ለሁሉም አገር አንድ መልስ የለም

ይህን ሥራ ከጨረስን በኋላ መርሐቤቴ የሚሠራ የአጎቴ የሙያ ጓደኛ «ለእኔም እንደሱ አድርግልኝ» ብሎ ደወለልኝ። የሱ ሞተር ሌላ፣ ክብደቱ ሌላ፣ መንገዱም ሌላ ነው። ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ እንደገና የሚወጣ ነው፤ ከላይ ብርድ፣ ከታች ቆላ። ለመንዝ ውርጭ የመረጥኩት ቀጭን ዘይት እዚያ ሸለቆ ውስጥ ውኃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እንደሱ ላድርግልህ አልችልም፤ መጀመሪያ ሜትር ይዘህ ለካልኝ» አልኩት። ዝቅታው ሲለካ 31 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሞላው ምንም አልሆነም፤ የጎደለው የፎርክ ዘይት ነበር። ትንሽ ወፈር ያለውን እንዲጨምር ነግሬው ሾክ ሳይገዛ ቀረ። ሳይለካ ቢገዛ ኖሮ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣ ነበር።

ዋናው አስፋልት በብዙ ቦታ ቢሻሻልም ወደ ቀበሌ የሚገባው መንገድ ግን ያው ድንጋይ፣ ያው ዋልካ ጭቃ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ መምህሩም የሚሄዱት በዚያ ነው። ከእኛ ትምህርት ክፍል የሚመረቅ ተማሪ ወደ ወረዳ ከተማ ጋራዥ ቢሄድ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥመው ጥያቄ «ጠንከር ያለ አስገባልኝ» የሚለው ነው።

ማጠቃለያ

ሶፋዋ ላይ አዲሶቹን ሾኮች ገጥመን ስንለካ ዝቅታው 27 ሚሊ ሜትር ሆነ። አጎቴ ያንኑ ቁልቁለት በዝግታ ወረደ። እኔ ከኋላው በእግሬ እየሄድኩ ጎማውን ስመለከት ቦዩ ውስጥ ገብቶ ወጣ፣ መሬቱን አልለቀቀም። ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ክሩዘርን የተራራ ሞተር ማድረግ አይቻልም። 80 ሚሊ ሜትር ምንጊዜም 80 ነው፤ ትልቅ ጉድጓድ ላይ በፍጥነት ከገባች አሁንም ትማታለች። ማስተካከል የሚቻለው ያለውን ርቀት ሳያባክኑ መጠቀም ነው፤ የቀረውን ነጂው በፍጥነቱ ይሞላዋል።

ስለዚህ ውድ የክፍል ጓደኞቼ፣ ሾክ ለማሻሻል ሰው ሲመጣባችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ዝቅታውን ለኩ። ቀጥሎ አየሩን፣ ዘይቱን፣ ቦኮላውንና የጭነቱን ቦታ አስተካክሉ። እንደገና ለኩ። ያኔም ልክ ካልሆነ ሞላውን አስሉ፣ የዘይቱንም ክፍል ፈትሹ። ሾክ መግዛት የመጨረሻው ነው።

አጎቴ ትከሻው ብርድ ሲሆን እስካሁን ይወጋዋል። ሲወጋው እያሻሸ «ይቺ ስምንት ሚሊ ሜትር» ይላል እየሳቀ። እኔ ግን አልስቅም። የሰው ሞተር ስነካ መጀመሪያ ሜትሩን ከኪሴ አወጣለሁ።